የዶሮ እግር ያለበት ካራ

ሰቆጣ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ማሽኑ የሚሠራው መብራት ሲኖር ነው፤ የሻምበል የሚባለው ባለቤቱ ግን መብራት ኖረም ጠፋም ያስረዳል። ስለ ዝናብ ያስረዳል፣ ስለ ኩላሊት ያስረዳል፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትቶ ስለ ድሮ የእንግሊዝ ካራና ሴንጢ ብቻ ያስረዳል። በስልኩ ቪዲዮ አየ፣ ልቡ ተነካ፣ ገበያ ለገበያ እየዞረ መሰብሰብ ጀመረ። የሰበሰባቸውን በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ከሚስቱ ከተዋበች የሠርግ ካባ በተቀደደ ከፈይ ላይ ደርድሯቸዋል። ተዋበች ስለ ካባው እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም፤ እውነቷን ነው።

ዛሬ ትልቅ ቀን ነው። ወይዘሮ ፍቅርአዲስ የምትባል የታወቀች ካራ ሰብሳቢ ከአዲስ አበባ መጥታለች። ከባሕር ማዶ የመጡ የድሮ ስለቶችን ለሕዝብ ልታሳይ ነው፤ የመረጠችው ካራ ሥር የባለቤቱ ስም ይጻፋል። የሻምበል ስሙ እዚያ ካልተጻፈ የሚታመም ይመስለዋል።

እንዲህ ባለ ቀን ነው እንግዲህ ቅጣው ከደሃና ወረዳ ማር ይዞ የገባው። ቅጣው ንብ የሚያረባ ገበሬ ነው፤ ልጁን ዋሴን ክርስትና ያነሣው የሻምበል ስለሆነ አበልጆች ናቸው። ክፋት የለበትም። ብቻ ሰው አማርኛውን ሲያፈጥንበት በልቡ ወደ አገውኛ ይመልሰዋል፣ ያስብበታል፣ ከዚያ እንደገና ወደ አማርኛ አምጥቶ ነው መልስ የሚሰጠው። እኛ ስንደርስ ጠቡ ተጀምሯል።

የሻምበል፦ አስቀምጠው! ቅጣው፣ አስቀምጠው አልኩህ!

ቅጣው፦ ቆይ ልጨርስና።

የሻምበል፦ ምኑን ነው የምትጨርሰው?

ቅጣው፦ በለሱን። ግማሹን ልጬ ልተወው?

የሻምበል፦ ስለ በለሱ አይደለም የማወራው! በእጅህ የያዝከው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?

ቅጣው፦ ካራ።

የሻምበል፦ [ወደ ጣሪያው እያየ] ካራ! ካራ ይለዋል! ይሄ ቅርስ ነው። ባሕር ተሻግሮ፣ በረሃ አቋርጦ፣ ይሄን ሁሉ ተራራ ወጥቶ እዚህ የደረሰ የእንግሊዝ ካራ ነው!

ቅጣው፦ ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ የመጣ በለስ ሊልጥ አይደለም?

የሻምበል፦ አይደለም!

ቅጣው፦ ምን ሊያደርግ ነው?

የሻምበል፦ ሊቀመጥ!

ቅጣው፦ [ካሰበበት በኋላ] ለመቀመጥማ እዚያው እንግሊዝ ይቀመጥ ነበር።

[በለሱን ጎረሰና ካራውን በጋቢው ጫፍ ሊጠርግ አነሣው።]

የሻምበል፦ እንዳትጠርገው!

ቅጣው፦ እሾህ አለበት እኮ።

የሻምበል፦ እሾሁም ይቆይ! የድሮ ካራ አይጠረግም፣ አይሞረድም፣ አይታጠብም። ዝገቱ ዕድሜው ነው። ዝገቱን ካነሣህበት ዕድሜውን ቀማኸው ማለት ነው።

ቅጣው፦ ዝገት ዕድሜ ከሆነማ የእኔ ዶማ ከአዳም ጋር ነው የተወለደው።

የሻምበል፦ ስጠኝ። በቀስታ… በቀስታ… በእጀታው በኩል! [ተቀብሎ ሣጥኑ ውስጥ እንደ ሕፃን አስተኛው።] እንግዳዬ አሁን ትደርሳለች፤ አንተ በለስ ትቀባልኛለህ።

ቅጣው፦ ሴትዮዋ ካራ የላትም?

የሻምበል፦ እሷ? ኢትዮጵያ ውስጥ ከሁላችንም የበለጠ ያላት እሷ ናት።

ቅጣው፦ ታዲያ ያንተን ምን ታደርገዋለች?

የሻምበል፦ ታየዋለች።

ቅጣው፦ አይታስ?

የሻምበል፦ ከወደደችው አዲስ አበባ ወስዳ ታሳየዋለች። ስሜን ከሥሩ ትጽፋለች። [ድምፁ ዝቅ አለ።] ቅጣው፣ ሰው ምን እንደሚለኝ ታውቃለህ። ይሄ ሰውዬ ለይቶለታል ነው የሚሉኝ። ተዋበች ራሷ እንግዳ ሲመጣ ሣጥኑን በአንሶላ ትሸፍነዋለች። አንድ ቀን፣ አንድ የሚያውቅ ሰው መጥቶ «የሻምበል፣ ልክ ነህ» ቢለኝ ሌላ አልፈልግም።

ቅጣው፦ [አዝኖለት] የሻምበል፣ ልክ ነህ።

የሻምበል፦ የሚያውቅ ሰው አልኩ!

ቅጣው፦ እሽ።

የሻምበል፦ ይልቅ ና፣ ላስረዳህ። ሣጥኑን እይ። እነዚህን ሁሉ ከተራ ካራ የምለየው በምን ይመስልሃል?

ቅጣው፦ በዝገቱ።

የሻምበል፦ በምልክቱ! ስለቱና እጀታው የሚገናኝበት፣ እዚህ አንገቱ ላይ፣ ነሐሱ ላይ እይ። ሦስት ጭረት ከአንድ ቦታ ተነሥተው ተከፍተዋል። ምንድን ነው?

ቅጣው፦ የዶሮ እግር።

የሻምበል፦ ቀስት!

ቅጣው፦ ዶሮ አይተህ አታውቅም?

የሻምበል፦ ቀስት ነው እልሃለሁ! የእንግሊዝ መንግሥት ቀስት! ለጦሩ የሚሰጠው ዕቃ ሁሉ ላይ ይመታዋል። ካራው ላይ፣ አካፋው ላይ፣ ድንኳኑ ላይ። ትርጉሙ፣ «ይሄ ባለቤት አለው፣ አትንካ» ማለት ነው።

ቅጣው፦ ልክ ነው፤ አትንካ ማለት ነው። የእኛም እኮ—

የሻምበል፦ አታቋርጠኝ። ሰው ሲያስረዳ አይቋረጥም።

ቅጣው፦ እሽ። [ሣጥኑ ላይ አቀርቅሮ ቆየ።] አበልጄ፣ ይሄን ጥቁር እጀታ ያለውን ከየት አገኘኸው?

የሻምበል፦ ከኒሯቅ ገበያ። አንድ ሰውዬ ምን እንደያዘ እንኳ ሳያውቅ ከሽንኩርት ጋር ጨርቅ ላይ አስጥቶት።

ቅጣው፦ ይሄ ካራ እኮ የጠፋብኝ—

የሻምበል፦ ምን አልኩህ?

ቅጣው፦ አታቋርጠኝ።

የሻምበል፦ በጣም ጥሩ። ይሄ ካራ ለአንተ ካራ ይመስልሃል፤ ለእኔ ግን ሰው ነው። የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲያልፍ አንድ መኮንን፣ ቀጭን፣ ጺሙ ቀይ፣ ድካም የበዛበት፣ እዚህ እኛ አገር ዳገት ላይ ውሃ ለምኖ…

ቅጣው፦ አየኸው?

የሻምበል፦ በሐሳቤ!

[ቅጣው ጋቢውን አስተካክሎ ሊቀመጥ ሲል ወገቡ ላይ የሻጠው ካራ ብቅ አለ። የሻምበል አየው። አንገቱ ላይ፣ ነሐሱ ላይ፣ ቀስት! ዓይኑን ግን ቶሎ ወደ ፎቶ ኮፒው አዞረና የሌለውን አቧራ መጥረግ ጀመረ። ብልጥ ነው።]

የሻምበል፦ እና… ማሩ ዘንድሮ እንዴት ነው?

ቅጣው፦ ደህና ነው።

የሻምበል፦ ንቦቹስ? ደህና ናቸው?

ቅጣው፦ [ግራ ገብቶት] ደህና ናቸው። ሰላም ብለውሃል።

የሻምበል፦ እንዲያው ለጨዋታ ነው የምጠይቅህ፤ ወገብህ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ቅጣው፦ ይሄ? አዲሱ ካራዬ ነው።

የሻምበል፦ [ሳቁን አፍኖ] አዲሱ! አዲስነቱ ለአንተ ነው። ይሄ ካራ ከአያትህ ይበልጣል።

ቅጣው፦ አይ፣ ይሄንስ ባለፈው ፋሲካ ነው ያሠ—

የሻምበል፦ አታቋርጠኝ። እስቲ ልየው። [ከእጁ ነጥቆ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደው።] አቤት! ክብደቱን እይ። ቀስቱ ደግሞ ምን ያህል ጥርት ያለ ነው። እነሆ፣ እጀታው ጫፍ ላይ ቀዳዳም አለው። ይሄ ቀዳዳ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?

ቅጣው፦ አውቃለሁ። የባሌስትራው—

የሻምበል፦ አታውቅም! ወታደሩ ገመድ አስገብቶ ከቀበቶው ጋር የሚያስርበት ነው። ፈረስ ሲጋልብ እንዳይወድቅበት።

ቅጣው፦ [ቀዳዳውን በአዲስ ዓይን እያየ] በፈረስ እንኳ አልመጣም።

የሻምበል፦ እሽ፣ በቅሎ ይሁን። ስማኝ ቅጣው። ይሄን ካራ ለእኔ ተወው። በነጻ አልልህም፤ ሦስት ካራ እሰጥሃለሁ።

[ከፎቶ ኮፒው ሥር አንድ የወረቀት ካርቶን ስቦ አወጣ። ከካርቶኑ ውስጥ የአጋዘን ቀንድ እጀታ ያለው ባለ ሁለት ስለት ሴንጢ፣ በቆዳ አፎት የገባ ረዥም ካራ፣ ደግሞም አንድ ትንሽ ነጭ ሴንጢ ወጡ። ቅጣው ሲያያቸው ተነሥቶ ቆመ።]

ቅጣው፦ እነዚህ የአባትህ የጋሽ ገብረ አምላክ አይደሉም?

የሻምበል፦ ናቸው።

ቅጣው፦ ሁለት ፍየል ሰጥተው ያመጧቸው?

የሻምበል፦ አዎ።

ቅጣው፦ ሲያርፉ በገዛ እጃቸው አንተን የሰጡህ?

የሻምበል፦ [አንገቱን ደፍቶ] አዎ። ግን ምን ላድርግ? ቀስት የላቸውም። አገላብጬ፣ በመነጽር አይቼ፣ የትም የለም። አባቴን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አታለውታል።

ቅጣው፦ ጽሑፍ አለበት እኮ፤ ይኸው ስለቱ ሥር።

የሻምበል፦ ጽሑፉማ «ሸፊልድ» ነው የሚለው። የእንግሊዝ ከተማ ስም ነው። የከተማ ስም ማንም ይጽፋል። እኔ በር ላይ «ሰቆጣ» የሚል ተጽፏል፤ እና በሩን የሠራችው ሰቆጣ ናት?

ቅጣው፦ አዎ እንጂ። አሥራተ ማርያም ነው የሠራው፤ እዚሁ ከታች።

የሻምበል፦ [ካራዎቹን ወደ ቅጣው እየገፋ] እሱ ሌላ ነው። ውሰዳቸው።

ቅጣው፦ አልወስድም። ሦስት በአንድ? አበልጅን ማታለል ነው። እግዜርም ይታዘበኛል።

የሻምበል፦ እኔን? እኔን አንተ ታታልለኛለህ? ቅጣው፣ በካራ ነገር እኔን የሚያታልል ሰው ገና አልተወለደም!

ቅጣው፦ ነገ ብትጸጸትስ?

የሻምበል፦ በክርስትና ልጄ በዋሴ ይዤሃለሁ፣ ውሰድ! አንዴ ከወሰድክ ወዲያ መመለስ የለም። ብለምንህም እንዳትመልስልኝ።

ቅጣው፦ ብትለምነኝም?

የሻምበል፦ ባለቅስም! በዋሴ በል።

ቅጣው፦ [በከባዱ ተንፍሶ] በዋሴ።

[ስልክ ጮኸ። የሻምበል አዲሱን ካራ ሣጥኑ መካከል፣ ከሁሉ ከፍ ባለው ቦታ አስቀምጦ ስልኩን አነሣ።]

የሻምበል፦ ሃሎ! ሃሎ! ወይዘሮ ፍቅርአዲስ! ይሰማል? እኔን አይሰማም? ቆይ፣ እኔ ልውጣ… ቅጣው፣ ምንም እንዳትነካ!

ቅጣው፦ የእኔንም?

የሻምበል፦ ያንተንማ እንደፈለግክ አድርገው!

[ሮጦ ወጣ። ሰቆጣ ውስጥ ኔትዎርክ የሚገኝበትን ድንጋይ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ እዚያ ላይ ቆሞ እጁን እያወናጨፈ «ከመናኸሪያው ወደ ታች ነው፣ ሰማያዊ በር» ሲል ይሰማል። ከውስጥ ደግሞ ሌላ ድምፅ መጣ፦ ቋ። ቋ። ቋ። ዝም አለና እንደገና፦ ቋ። ቋ። ቋ። የሻምበል ፊቱ እየበራ ተመለሰ።]

የሻምበል፦ እየመጣች ነው! በባጃጅ ናት! ወንድሜ፣ ዛሬ የሻምበል ማን እንደሆነ… ምን እያደረግህ ነው?

[ቅጣው ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ባለ ቀንዱ ሴንጢ ጉልበቱ ላይ ነው። በግራ እጁ ቀፎ የሚጠርብባትን ትንሽ መሮ ይዟል፤ በቀኝ እጁ የሱቁን ትልቅ ስቴፕለር እንደ መዶሻ አንሥቷል።]

ቅጣው፦ ጨርሻለሁ፤ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። [መታት፦ ቋ።] አሁን መንገድ ላይ ቢወድቅብኝም የማን እንደሆነ ይታወቃል።

የሻምበል፦ እሱ… ነሐሱ ላይ… ያደረግከው ምንድን ነው?

ቅጣው፦ ምልክቴ ነዋ።

የሻምበል፦ ምልክትህ?

ቅጣው፦ የዶሮ እግር። የአባቴ፣ የአያቴም ምልክት ናት። ቀፎ ላይ፣ ዶማ ላይ፣ ማረሻ ላይ፣ ያልመታንባት ነገር የለም። ካራ ላይማ ግዴታ ነው።

የሻምበል፦ [ድምፁ ቀጥኖ] ለምን ግዴታ ይሆናል?

ቅጣው፦ በቅርጫው ምክንያት ነዋ! በሬ ታርዶ ልንካፈል ስንሰበሰብ ሁሉም የራሱን ካራ ይዞ ይመጣል። ሥጋው ተመድቦ፣ ዕጣው ወጥቶ ሲያልቅ ካራው ሁሉ አንድ ቁርበት ላይ ተደባልቋል። ምልክት የሌለው ሰው የሌላውን ይዞ ይገባል።

የሻምበል፦ ምልክት እያለውስ?

ቅጣው፦ ምልክት እያለውማ፣ «የቅጣው ነው፣ ቅጣው አይቆጣም» ይሉና ወስደው ገበያ ያወጡታል።

[የሻምበል ወደ ሣጥኑ ሄደ። አካሄዱ እግሩ የራሱ እንዳልሆነ ሰው ነው።]

የሻምበል፦ ይሄ ባለ ጥቁር እጀታው?

ቅጣው፦ መንግሥቴ ቤት ቅርጫ ላይ የጠፋብኝ። ልነግርህ ስል አታቋርጠኝ አልክ።

የሻምበል፦ በለስ የላጥክበትስ?

ቅጣው፦ ወንዝ ዳር ስታጠብ የረሳሁት። ስልጥበት ጊዜ እጄ ወዲያው ነው ያወቀው።

የሻምበል፦ ይሄኛውስ? ትልቁ? ባለ ቀዳዳው?

ቅጣው፦ እሱን ገብረ ኪዳን ነው የሠራልኝ፤ አምደወርቅ ያለው ቀጥቃጭ። ከጭነት መኪና ባሌስትራ። ከብረት ሁሉ እሱ ነው የሚሻለው።

የሻምበል፦ ቀዳዳው…

ቅጣው፦ የመኪናው ብሎን የሚገባበት።

[የሻምበል የፎቶ ኮፒው ወረቀት ክምር ላይ ቁጭ አለ። ያ ቀይ ጺም ያለው መኮንን ከሐሳቡ ፈረሱን አዙሮ እልም ብሎ ሄደ። በምትኩ አባቱ መጡ፤ ያችን ሴንጢ አውራ ጣታቸው ላይ እየሳቡ «እውነተኛ ብረት ናት፣ ልጄ» ሲሉ። ያን ጊዜም የሻምበል አቋርጧቸው ነበር። ልቡ ተሰበረ፤ ይሄ ቀልድ የለውም።]

የሻምበል፦ አባቴን አላታለሉትም።

ቅጣው፦ አላታለሏቸውም። እንዲያውም ፍየሎቹ ከሲታ ነበሩ ይባላል።

የሻምበል፦ ቅጣው፣ መልስልኝ።

ቅጣው፦ አይሆንም።

የሻምበል፦ ምን ማለት ነው አይሆንም? የእኔን ካራዎች ሁሉ ውሰድ። ሣጥኑንም ከነከፈዩ ውሰድ። የአባቴን መልስልኝ።

ቅጣው፦ ብለምንህም አትመልስ ብለህ በዋሴ አስምለኸኛል። ልጄ ነው እኮ።

የሻምበል፦ ያስማልኩህ እኔ ነኝ፤ እኔው አነሣሁልህ!

ቅጣው፦ መሐላ እንደ ጋቢ ይነሣል? ደግሞም አንተ ራስህ አይረቡም ብለሃል። የማይረባ ነገር ሰጥቼህ፣ ያን ሁሉ የእንግሊዝ መንግሥት ካራ ልወስድብህ? አበልጄን ልዝረፍ?

የሻምበል፦ የማይረባው ያንተ ነው!

ቅጣው፦ አሁን ደግሞ ትሰድበኛለህ።

የሻምበል፦ መስደቤ አይደለም! ቅጣው፣ በእናትህ፣ ተረዳኝ። የእውቀት ነገር ይሻሻላል። ትናንት የነበረው መረጃ ዛሬ…

ቅጣው፦ ወዴት ነው የሚሻሻለው?

የሻምበል፦ ማለት፣ በአንዳንድ ዝርዝር ጉዳዮች ላይ፣ የአመለካከት…

ቅጣው፦ አበልጄ፣ እንዲህ ያለው አይገባኝም። ወይ ታውቃለህ፣ ወይ አታውቅም። ካወቅክ እነዚህ ትቢያ ናቸው፤ እኔ ላንተ ትቢያ አልሰጥም። ካላወቅክ ግን መሐላውም ባለማወቅ ነው፤ ባለማወቅ የተማለ አይዝም፤ ያን ጊዜ እመልስልሃለሁ።

የሻምበል፦ በቃ፣ ይሄውልህ፣ ከማውቀው ውስጥ ጥቂቱን…

ቅጣው፦ እ?

የሻምበል፦ ጥቂቱን… በሚገባ… አላጣራሁትም።

ቅጣው፦ [ሦስቱንም ወደ ጋቢው እየከተተ] እሽ። እንግዲህ ልሂድ፤ ማሩ ፀሐይ ላይ ነው።

የሻምበል፦ ቆይ!

ቅጣው፦ ታውቃለህ?

የሻምበል፦ [ጥርሱን ነክሶ] በከፊል…

ቅጣው፦ ደህና ዋል።

የሻምበል፦ [ተነሥቶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ጎረቤት እስኪሰማ] አላውቅም! አላውቅም! ስለ ካራ ምንም፣ ምንም አላውቅም!

[በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። መነጽር አድርጋለች፤ ቦርሳዋ ላይ የመንገድ አቧራ አለ። የሻምበል እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።]

ፍቅርአዲስ፦ ደህና ዋላችሁ። ፍቅርአዲስ እባላለሁ። ከእናንተ አቶ የሻምበል የትኛው ናቸው?

ቅጣው፦ ይኸው፣ አሁን አላውቅም ያለው።

[ቅጣው በእፎይታ ሦስቱንም ካራዎች አውጥቶ የሻምበል እጅ ላይ አስቀመጠ። የሻምበል እጁ እዚያው ተዘርግቶ ስለነበር ዕቃ የሚያሳይ ይመስል ነበር። ፍቅርአዲስ ቀረብ አለች። ባለ ቀንዱን ሴንጢ አነሣች፣ ስለቱን ከፈተች፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች።]

ፍቅርአዲስ፦ ሸፊልድ… የአጋዘን ቀንድ… ሁለቱም ስለት ያልተነካ! አቶ የሻምበል፣ ስንት ከተማ ዞርኩ፤ እንዲህ ያለ አላገኘሁም። ከየት መጣ?

የሻምበል፦ [በሹክሹክታ] አባቴ ነው ያመጣው። በፍየል።

ፍቅርአዲስ፦ ሰውዬው ዓይን ነበራቸው። [አገላበጠችው። ቆመች።] ይቺ ምንድን ናት? አንገቱ ላይ?

[የሻምበል ዓይኑን ጨፈነ።]

ቅጣው፦ የእኔ ናት።

ፍቅርአዲስ፦ አዲስ ትመስላለች።

ቅጣው፦ ትኩስ ናት። አሁን ነው የመታኋት። [ስቴፕለሩን አሳያት።]

ፍቅርአዲስ፦ በዚህ?

ቅጣው፦ መዶሻ አጣሁ።

[ፍቅርአዲስ ካራውን አየች፣ ስቴፕለሩን አየች፣ ቅጣውን አየች። ከዚያ ሣጥኑን አየችና በዚያም ያችኑ የዶሮ እግር አንድ በአንድ አገኘቻት።]

ፍቅርአዲስ፦ ሌላ ቦታ ቢሆን ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር። ግን አያችሁ፣ ሰብሳቢዎች የሚያሳዩኝ ካራ ሁሉ ከእንግሊዝ እንደወጣ የታሸገ ነው። እዚህ አገር የማን እጅ እንደገባ፣ ማን «የእኔ ነው» እንዳለው የሚያሳይ አንድም አላገኘሁም። ምልክቷ የማን ቤት ናት?

ቅጣው፦ የእኛ ናት፤ የደሃና። ስሜ ቅጣው ነው። ካራዎቹ ግን የእሱ ናቸው፤ የአባቱ። ጭረቷ ብቻ ናት የእኔ።

ፍቅርአዲስ፦ በጣም ጥሩ። እንግዲያው ከሥሩ እንዲህ እንጽፋለን፦ «ካራው፦ ከገብረ አምላክ ቤት። ምልክቱ፦ የቅጣው።»

ቅጣው፦ [አበልጁን እያየ፣ ከልቡ] አበልጄንም ይጻፉልኝ እንጂ! ብዙ የደከመበት እሱ ነው። ምልክቷ የእንግሊዝ መንግሥት እንደሆነች ያወቀ እሱ ብቻ ነው። እኔ እንኳ አላውቅም ነበር!

ፍቅርአዲስ፦ [ወደ የሻምበል ዞራ] እንዲህ ብለዋል?

የሻምበል፦ እ… እንዲያው… ለጨዋታ።

ፍቅርአዲስ፦ [ሳቋን በመነጽሯ መጥረጊያ ሸፍና] ግድ የለም፤ ቦታ ካገኘን የእርስዎንም ስም እናስገባለን። የቀሩትን ዕቃዎቼን ከባጃጁ ላምጣ፤ ማነጻጸሪያ ይዣለሁ።

[ወጣች። ሁለቱ አበልጆች ብቻቸውን ቀሩ። የሻምበል ሣጥኑን አየ፤ የዶሮ እግር። እጁን አየ፤ የዶሮ እግር። ስሙ ያለበት አንድም ነገር የለም። ጎንበስ ብሎ መሮዋንና ስቴፕለሩን አነሣና ለቅጣው አቀበለው። ከዚያ ግንባሩን ዘረጋለት።]

የሻምበል፦ በል ምታኝ።

ቅጣው፦ ምን?

የሻምበል፦ እዚህ ግንባሬ ላይ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ምልክት አለው፤ እኔ ብቻ ቀረሁ። ምታኝና የማን እንደሆንኩ ይታወቅ።

[ቅጣው መሮዋን ተቀበለ። ወደ አገውኛ መለሰው፣ አሰበበት፣ ወደ አማርኛ አመጣው። ከዚያ መሮዋን ቀስ አድርጎ ወደ ኪሱ ከተታት።]

ቅጣው፦ አንተን እንኳ አልመታም፣ አበልጄ። ምልክት የሚመታው ሰው እንዳይወስደው ነው፤ አንተን ማን ይወስድሃል?